የጠጋኙ ቅምሻ

ጅንካ ውስጥ ወሬ ከአውሮፕላን ቀድሞ ያርፋል። አውሮፕላኑ እንኳ ሜዳው ላይ የሚግጡት ፍየሎች እስኪባረሩለት ድረስ ሰማይ ላይ ይዞራል፤ ወሬ ግን ፍየል አይጠብቅም። እናም በ1979 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ጠጋኙ ተገኝ ዶላሞ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ገና ቀይ አፈር ከተማ ላይ በኤንትሬ ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ፣ ከተማው ስለ እሱ ሦስት ወሬ አኝኮ ጨርሶ ነበር። አንደኛው ልጁ ሐና ሞታለች የሚል። ሁለተኛው ሐና ድናለች፣ ሚስቱ እልፍነሽ ግን አዲስ አበባን አይታ አልመለስም ብላለች የሚል። ሦስተኛው ተገኝ አብዷል የሚል።

ሐና አልሞተችም። እልፍነሽም ከልጇ አልጋ ሥር ሰሌን አንጥፋ ትተኛ ነበር እንጂ አዲስ አበባን በመስኮት እንኳ በቅጡ አላየቻትም። ተገኝም አላበደም። ተናዶ ነበር። የተናደደ ሰው በጅንካ ብርቅ አይደለም፤ በስብሰባ ብዛት፣ በስኳር መጥፋት የማይናደድ የለም። የተገኝ ንዴት ግን ሌላ ነበር። ግማሹ ወደ ሰው፣ ግማሹ ወደ ገዛ እጁ የሚያይ ንዴት።

ነገሩ እንዲገባ ከእጁ መጀመር ይሻላል።

ተገኝ የአሪ ቀጥቃጮች ልጅ ነው። አባቱ ዶላሞ ማረሻና ቢላ ይቀጠቅጡ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ተቀብሎ ይመርቃቸዋል፤ ከቀጥቃጭ ጋር በአንድ ቅል መጠጣት ግን አይታሰብም። ተገኝ ከተማ ገብቶ ብረቱን ተወና ቆርቆሮ ያዘ። የሚያፈስ ባልዲ፣ ታቹ የተበሳ ድስት፣ የተቀደደ ማንቆርቆሪያ፣ የአረቄ ማውጫ ቱቦ፣ ሁሉም ከገበያው በስተጀርባ ወዳለችው ዳሱ ይመጣል። ደህናው መበየጃ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ እሱም የሚመጣው የሚያመጣ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ተገኝ የሞተ የመኪና ባትሪ ይፈለፍላል፣ እርሳሱን በብረት ማንኪያ ያቀልጣል፣ ቀዳዳው ላይ ጠብ ያደርጋል። እርሳስ የዋህ ብረት ነው። ቶሎ ይቀልጣል፣ የትም ይገባል፣ አይዝግም። "እንደሱ አመል የሌለው ብረት አላየሁም" ይል ነበር፤ ስለ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ከአባቱ የወረሰው አንድ ሕግ ነበረው። ጠጋኝ ይቅመስ። የተጠገነ ዕቃ ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ቦርዴ ተሞልቶበት ያድራል። ቦርዴ፣ ያ ከበቆሎና ከብቅል የሚጠመቀው ወፍራምና ኮምጣጣ መጠጥ፣ ውሃ ያላገኘውን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኛል። ዕቃው ሳያፈስ ካደረ ጠጋኙ ከዚያው በራሱ ቅል ይቀዳና ባለቤቱ ፊት ይጠጣል። እጄ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እያለ ለሚያማ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ዋስ አይጠራም።

ተገኝ ግን በ1968 ዓ.ም. ጌታን ተቀብሎ፣ የሚያሰክር ነገር በከንፈሬ አይዞርም ብሎ ማለ። ቦርዴ አያሰክርም ብለው የተከራከሩት ነበሩ። "ሁለት ቅል ጠጥቶ ከአጥር ጋር ሲጨባበጥ ያየሁት ሰው አለ" ብሎ ዘጋቸው። መሐላውን ጠበቀ፤ የአባቱን ሕግ መሻርም አልሆነለትም። ለዓመታት ጎረቤት እየለመነ ሲያስቀምስ ቆይቶ፣ ሐና ሦስት ዓመት ሲሞላት ቅሉ ወደ እሷ ዞረ። ለሕፃን ቦርዴ ምግብ ነው፤ ኃጢአትም የለበትም።

ሐና ሥራዋን ወደደችው። ባለ ዕቃው ሲመጣ ትንሿን ቅሏን ይዛ ብቅ ትላለች፣ ትጠጣለች፣ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠርጋ "አያፈስም!" ትላለች። ሰው ይስቃል። "ከአባትሽ ይልቅ አንቺን እናምናለን" ይሏታል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አራትም አምስትም ዕቃ ቀመሰች።

ማንም ክፉ አላሰበም። ኋላ ተገኝን ያንገበገበው አንዱ ይኼ ነው። ክፉ ያሰበ ቢኖር አንገቱን አንቆ ይገላገል ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወንድይፍራው ወደ ዳሱ መጣ። የወንድይፍራው አያት ከሰሜን መጥተው እዚህ መሬት የተሰጣቸው ናቸው፤ አባቱ ባለሱቅ ነበሩ፤ እሱ ራሱ ደግሞ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት የጭቁኖች ወንድም ሆኖ ተነሣ። እንደ እሱ ጭቁንን የሚወድ አልነበረም፤ ጭቁኖቹ ራሳቸው እንኳ ያን ያህል አይዋደዱም። ተገኝ ያመልክበት የነበረውን የአማኞቹን የጸሎት ቤት አዘግቶ የሕፃናት ማቆያ ያደረገው እሱ ነው። ስልሳ ሁለት ሕፃናት እናቶቻቸው ለዘመቻ እርሻ ሲወጡ እዚያ ይውላሉ፤ ጠዋት ጠዋት ቦርዴ ይጠጣሉ። የሚጠጡት የአሪ ሴቶች ከሠሩት ጋን ነበር።

"ጋን ኋላ ቀር ነው" አለ ወንድይፍራው። "ለመስከረም ሁለት በዓል ከአርባ ምንጭ ጓዶች ይመጣሉ። በሸክላ ነው ትውልድ የምናሳድገው?"

አንድ የዛገ የናፍጣ በርሜልና ሁለት የሞቱ የመንግሥት መኪና ባትሪዎች አስጭኖ መጥቷል። "እርሳሱን ከእኔ፣ እጁን ከአንተ" አለው።

የበርሜሉ ታች ወንፊት ነበር። ተገኝ ቀዳዳውን አንድ በአንድ ከመድፈን ታቹን እንዳለ እርሳስ አፈሰሰበት፤ በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ወንድይፍራው ውጪውን ቀይ ቀለም አስቀባው። በበዓሉ ቀን ሐና እንግዶቹ ፊት ቀምሳ "አያፈስም!" ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በርሜሉ በሪፖርት ተጽፎ አርባ ምንጭ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርዴው ማታ በርሜሉ ውስጥ ይደፈደፋል፣ ሌሊቱን እርሳሱ ላይ ተኝቶ ይኮመጥጣል፣ ጠዋት ስልሳ ሁለት ቅል ይቀዳል። ሐና እዚያም ትጠጣለች፣ ቤትም ትቀምሳለች።

ኅዳር ላይ ሆዷን ያዛት። ሆዷ እንደ እንጨት ደረቀ። የትል መድኃኒት ተሰጣት። ከዚያ ፊቷ እንደ አመድ ነጣ፤ ወባ ነው ተባለና የወባ ተሰጣት። ከዚያ ዓይኗ ሥር አበጠ፣ ሽንቷ ጠፋ። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ዳሱ ውስጥ ቅሏን እንደያዘች ወድቃ ተንዘፈዘፈች። ተገኝና እልፍነሽ ተሸክመዋት በጭነት መኪና አርባ ምንጭ ገቡ፤ አርባ ምንጭ ደግሞ አይቶ አዲስ አበባ አለ።

አዲስ አበባ ዶክተር ዓባይነህ የሚባል ቀጭን ሰው ተቀበላቸው። የሐናን የላይኛ ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለበጠ። ድዷ ላይ፣ ጥርሷን ተከትሎ፣ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። 

"ይህቺ ልጅ ምንድን ነው የምትጠጣው?"

ተገኝ ሳይመልስ ሐና ራሷ፣ በዚያ ባበጠ ፊቷ፣ ኮራ ብላ መለሰች። "እኔ ቀማሽ ነኝ።"

"ምን ትቀምሻለሽ?"

"አባዬ የጠገነውን።"

ዶክተሩ ወደ ተገኝ ዞረ። ተገኝ ማስረዳት ጀመረ። ባትሪውን ነገረው፣ ማቅለጫ ማንኪያውን ነገረው፣ ቦርዴው እንዴት እንደሚያድር ነገረው። መጀመሪያ እንደ ባለሙያ በፍጥነት ያወራ ነበር። መሐል ላይ ዘገየ። "ከዚያ እሷ..." አለና ቆመ። እልፍነሽ ዓይኖቿን ከሐና አንስታ እሱ ላይ ተከለቻቸው። እስከ ዛሬ እንዲህ አይታው አታውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ አየችው።

ሐናን ከእምብርቷ በታች በቀጭን ቱቦ ወጓት። ከላይ ከተሰቀለ የታሸገ ጠርሙስ ውሃ ወደ ሆዷ ይወርዳል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከደሟ ቆሻሻውን ስቦ በሌላ ጠርሙስ ይወጣል። ቀን ከሌት። በዚያው ክፍል ኩላሊታቸው የደከመ ሌሎች ሦስት ልጆች ነበሩ። ዶክተሩ ከአራቱም ደም ቀዳ፤ በደማቸው ያለውን ብረት የሚለካ መሣሪያ አገር ውስጥ የለም፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ሐኪም ይዞልኝ ይሄዳል አለ።

"ወንድሜ" አለው ተገኝን አንድ ቀን በኮሪደሩ፣ "ጤነኛ ሰው ጥቂት ብረት ቢገባው ኩላሊቱ ያወጣዋል። ኩላሊት ሲደክም ያ በር ተዘጋ ማለት ነው። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ አጥንት ውስጥ፣ ጭንቅላት ውስጥ። እኛ እንኳ የምናጥብበትን ውሃ ካልታሸገ አናስገባም። ዓይን የማያየው ብረት ውሃው ውስጥ ካለ፣ እናድናለን ስንል እንገድላለን።"

"ትድናለች?"

"ኩላሊቷ እየነቃ ነው። ሁለት ወር ያህል እዚህ ትቆያለች። ግን ያ በርሜል ወዳለበት ቦታ ብትመለስ፣ ሁለተኛ እኔ ጋ የምትደርስ አይመስለኝም።"

ተገኝ ከዚህ በኋላ ነው ሚስቱንና ልጁን ትቶ፣ ኤንትሬው ላይ ወጥቶ የመጣው። ያለው ሁለት ወር ነው። ሐና ከመመለሷ በፊት በርሜሉ መውጣት አለበት።

ጅንካ እንደደረሰ ቤቱ አልገባም። በቀጥታ ማቆያው ሄደ። ምግብ አብሳይዋ ከበቡሽ በርሜሉን አማስላ ማማሰያውን እየላሰች ነበር።

"አትላሺ!" ብሎ ጮኸባት።

"ውይ! አንተ ሰው፣ እውነትም አብደሃል እንዴ?"

"ልጆቹ እንዴት ናቸው?"

ከበቡሽ ማማሰያውን ዝቅ አደረገች። "ሆዴን ሆዴን ይላሉ። ግማሾቹ ከትናንት ወዲያ የበሉትን አላወጡም። የብርነሽ ልጅ፣ ትንሹ ሙሴ፣ ሰኞ ዕለት ተንዘፈዘፈ። ቡዳ በላው ይላሉ።" ከዚያ ያለችው ገባትና አፏን ያዘች። ቡዳ ሲባል ማን እንደሚባል ሁለቱም ያውቃሉ።

"በልቶታል" አለ ተገኝ። "ድፊው።"

"ያለ ጓድ ወንድይፍራው ቃል? እኔስ የት ልሂድ?"

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ተገኝ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በርሜሉ መርዝ ነው።"

"የትኛው በርሜል?"

"ቀዩ።"

ወንድይፍራው እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ቀዩ ነው ያልከኝ?"

"ቀለሙን አይደለም። እርሳሱን ነው። ኮምጣጣ ሲያድርበት ይሟሟል። ልጆቹ እየጠጡት ነው። የእኔን ልጅ ኩላሊት የገደለው እሱ ነው።"

"ማስረጃ?"

"የልጄ ደም።"

"እስኪ አምጣው።"

"ውጭ አገር ተልኳል። ገና አልተመለሰም።"

"እንግዲህ ደሟ ሲመለስ አብረኸው ና።" ወንድይፍራው በራሱ ቀልድ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታውን ሰበሰበው። "ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በርሜሉን የጠገነው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"መርዝ ጨምረህበት ከሆነ ስሙ አሻጥር ነው። ካልጨመርክበትና ጨምሬያለሁ እያልክ ከሆነ ስሙ አሉባልታ ነው። የቱን ልጻፍ?"

ተገኝ ጠረጴዛውን ያዘ። ብረት የሚያጣምም እጅ ነው፤ ጠረጴዛው ሲጢጥ አለ። "እርሳሱን ያመጡት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ያመጣሁት ባትሪ ነው። ባትሪ መብራት ይሰጣል። አንተ ነህ ወደ ሆድ ያስገባኸው። አሁን ውጣ፤ ያ በርሜል አርባ ምንጭ ድረስ በሪፖርት የታወቀ ነው። ለአንድ ልጅ የሆድ ቁርጠት ብዬ ከሪፖርት አላወጣውም።"

ለአንድ ልጅ የሆድ ቁርጠት። ተገኝ ይህን ይዞ ወጣ። መንገድ ላይ ሰላም ያሉትን አልመለሰም፤ ዘመዶቹ ተቀየሙ። ዳሱ ገብቶ የሐናን ቅል አነሳና እሳት ውስጥ ጨመረው። ከዚያ በር በር እየዞረ የገዛ እጁን ሥራ ይለምን ጀመር። "ያቺን ድስት መልሱልኝ።" "ያንን ባልዲ አትጠጡበት።" ሰው ሳቀበት። ጠጋኝ፣ የጠገንኩትን ጣሉ ሲል ሰምተው አያውቁማ። አንዷ አረቄ አውጪ "ሥራ አጥተህ ነው ሥራህን የምታፈርሰው?" ብላ በሯን ዘጋችበት። ስድስት ቀን ዞሮ አራት ድስት ሰበሰበ። በዚያ ስድስት ቀን ልጆቹ ስድስት ጠዋት ጠጡ።

እሑድ የቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ በማቆያው አዳራሽ ተጠራ። በርሜሉ እንደ ተከበረ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ወንድይፍራው ስለ እኩልነት አንድ ሰዓት ተናገረ። ዱሮ ቀጥቃጭና ገበሬ በአንድ ዕቃ አይጠጣም ነበር፣ አብዮታችን ይህን ግንብ አፍርሷል አለ። ሲጨበጨብ ተገኝ እጁን አወጣ።

"የምናገረው አጭር ነው። ከበቡሽ፣ እስኪ ከዚያ ሁለት ቅል ቅጂልኝ።"

ከበቡሽ ወንድይፍራውን አየች፣ ተገኝን አየች። ከዚያ ምን እንደሆነች እንጃ፣ ቀዳችው።

"የእኛን ቤት ሕግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ" አለ ተገኝ። "ጠጋኝ ይቅመስ ነው። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ሦስት ዓመት የራሴን ተራ ለሕፃን ሰጠሁ። ልጄ የእኔን ቅምሻ ቀምሳ፣ ይኸው አዲስ አበባ ሆዷን በስታችሁ እጠቡልኝ ስል ከረምኩ። እርሳሱ የእኔ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው። ዛሬ ተራዬን ልወጣ።"

ቅሉን አነሳ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀውን መሐላ፣ ጌታን ባመለከበት በዚያው አዳራሽ፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "አያፈስም" አለ።

ከዚያ ሁለተኛውን ቅል ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። "ከጠጋኝ ቀጥሎ ባለቤት ነው የሚቀምሰው። ይኼ በርሜል የእርስዎ ነው። እንካ... እንኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ወንድይፍራው ቅሉን አየው። ቢጠጣ መጠጣቱ ነው። አልጠጣም ቢል ወይ በርሜሉ መርዝ ነው ማለት ነው፣ ወይ የአሁኑ የአንድ ሰዓት ንግግር ውሸት ነው፣ ከቀጥቃጭ እጅ አይጠጣም ማለት ነው።

"እኔ... ጨጓራዬን ያመኛል" አለ።

"የልጄን ጨጓራስ ማን ጠየቀው?" ድምፁ ከኋላ መጣ። ብርነሽ ናት፣ የትንሹ ሙሴ እናት፤ መራመድ የተሳነውን ልጇን በአንቀልባ አዝላዋለች። "አሁን እኩል ነን አላልክም? ጠጣዋ!"

"ጠጣ!" አለ ሌላ። "ጠጣ እንጂ!"

ወንድይፍራው ቅሉን ተቀበለ። ወደ ጢሙ አስጠጋው። እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ስብሰባው ተበትኗል" አለ።

ማን ቀድሞ በርሜሉ ላይ እንደደረሰ ዛሬም ይከራከራሉ። ብርነሽ ናት የሚሉ ይበዛሉ። ሴቶቹ ተረባርበው ገለበጡት፤ ቦርዴው በአዳራሹ ወለል ተንቧቧ፣ ከበቡሽ እዚያው መሐል ቆማ አለቀሰች። ተገኝን ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይዘውት ወጡ።

አሻጥር ወይስ አሉባልታ የሚለውን ለመወሰን ከብዷቸው ሁለቱንም ጻፉበት። ሃያ አራት ቀን ታሰረ። በሦስተኛው ቀን እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀዩ በርሜል ተንከባሎ ገባ። የሕዝብ ንብረት አይባክንም ተብሎ ለእስረኞች የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ተመድቧል። ተገኝ ሲያየው ሳቀ፤ የከተማው ሰው ይህን ሰምቶ ነው አሁንስ እውነት አበደ ያለው። ከበረባሶ ጫማው ምስማር ነቀለና በርሜሉ ሥር ተንበርክኮ፣ ያንን የሚኮራበትን የእርሳስ ወለል ከአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ይፈለፍለው ጀመር።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለው ዘበኛው።

"እየጠገንኩት ነው።"

መፈልፈል በጀመረ በሁለተኛው ቀን በርሜሉ እንደ ወንፊት አፈሰሰ። ለውሃም፣ ለቦርዴም፣ ለሪፖርትም አይሆንም። የዚያን ሳምንት ነው ትንሹ ሙሴ የሞተው። አምስት ዓመቱ ነበር። ተገኝ በግቢው አጥር ቀዳዳ የቀብር ሰልፉን አየ፤ ብርነሽ ባዶ አንቀልባዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ትሄዳለች።

ሲፈታ አማኞቹ፣ በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩት ወንድሞቹ፣ ስለጠጣው አንድ ቅል ሁለት ሳምንት ከጉባኤ አገዱት። እሱም "ደግ አደረጋችሁ" ብሏቸው ወደ ዳሱ ሄደ። ከዚያ በኋላ የጣሪያ ቆርቆሮና ፋኖስ ብቻ ይጠግን ጀመር። ወደ አፍ የሚሄድ ዕቃ ይዞ የመጣውን ይሰድበዋል።

ሐና በሚያዝያ መጣች። ቀጥናለች፣ እግሮቿ እንደ ሸንበቆ ሆነዋል፣ ጨው አትበላም። ዳሱ ገብታ ዙሪያዋን ቃኘች።

"ቅሌስ?"

"ተቃጥሏል።"

"ታዲያ ማን ይቀምሳል?"

"ማንም" አላት። ማልቀሷን ሳያይ ፊቱን አዞረ።

አንድ ጥያቄ ግን አልለቀቀውም። ያን ቀን ወንድይፍራው ለምን አልጠጣም? ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ከቀጥቃጭ እጅ መጠጣት ተጠይፎ ነው ይላል፤ ያስለመዱት አያቱ ናቸው፣ ምን ያድርግ። ግማሹ ጨጓራው ነው ይላል። ተገኝ ለንቀቱ ግድ አልነበረውም፤ ለምዶታል። ማወቅ የፈለገው ሌላ ነው። ሰውዬው መርዝ መሆኑን ሳያምን ደንቁሮ ልጆቹን ያስጠጣ ከሆነ እሱና ወንድይፍራው እኩል ናቸው፤ ተገኝም ራሱ ደንቁሮ ነው ያደረገው። ይህን እያሰበ ንዴቱን አንዳንድ ቀን በራሱ ላይ ብቻ ያሳርፈዋል።

በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት የዶክተር ዓባይነህ ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተም ያለው። ደሙ ከውጭ ተመልሷል። የሌሎቹ ሦስት ልጆች ደም ከእርሳስ ደህና ነው፤ በሐና ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ ግን ለሕፃን ከሚያሰጋው በስድስት እጥፍ ይበልጣል ይላል። ተገኝ ማስረጃህን አምጣ ተብሎ ነበርና ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ወንድይፍራው አነበበው፣ ገለባብጦ ማኅተሙን አየው። በሳምንቱ ስብሰባ ጠራ። የቀበሌው አመራር ባደረገው ንቁ ክትትል በሕፃናት ላይ ሊደርስ የነበረ አደጋ በጊዜ ተደርሶበት ከሽፏል ብሎ አነበበ። ሊደርስ የነበረ። ከአርባ ምንጭም የምስጋና ወረቀት መጥቷል። ከእንግዲህ በአካባቢ ሀብት እንጠቀማለን አለና መጋረጃ ሲገልጥ፣ የአሪ ሴቶች የሠሯቸው ስድስት አዳዲስ ጋኖች ቦርዴ ተሞልተው ተደርድረዋል።

"የታለች ቀማሻችን?" አለ እየሳቀ። "ነይ የእኔ አበባ፣ እንደ ድሮሽ ቅመሺልን።"

ተገኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሐና ግን ቀደመችው። በእነዚያ ሸንበቆ እግሮቿ ወደ ጋኑ ሄደች፣ ቅሉን ሞላች፣ በሁለት እጇ ይዛ ወንድይፍራው ፊት ቆመች።

"እርስዎ ይቅመሱ" አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወንድይፍራውም ሳቀ። ቅሉን ከቀጥቃጩ ልጅ እጅ ተቀበለና፣ ሳያመነታ፣ እስከ ጠብታው ጨለጠው። ጢሙን ጠረገ። "ግሩም ነው!" አለ። ተጨበጨበ።

ተገኝ አላጨበጨበም። ከቀጥቃጭ እጅ ይጠጣል። ጨጓራውም ደህና ነው። እንግዲያ ያን ቀን ከበርሜሉ ያልጠጣው መርዝ መሆኑን አምኖ ነው።

"ያውቅ ነበር" አለ።

ከጎኑ ብርነሽ ነበረች። ከሰው ጋር ታጨበጭብ የነበረው እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ማን?" አለችው። "ምኑን ነው የሚያውቀው?"

ተገኝ ነገራት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።